የቅሬ ንብረት ቁጥር ዐሥራ አራት

መርሳ ውስጥ ቀሚስ የሚያስጠብብ፣ ሱሪ የሚያሳጥር ወይም የሰማው ወሬ እውነት መሆን አለመሆኑን ማጣራት የፈለገ ሰው ከአስፋልቱ ተነስቶ የኮብልስቶኑን አቀበት ይይዝና የቶይባን በረንዳ ይጠይቃል። ሦስቱንም እዚያው ቁጭ ብላ ትጨርስለታለች።

ቶይባ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ናት። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች የልጅነት ልምሻ ሁለት እግሮቿን አሳጥቷታል። ስለዚህ የስፌት መኪናዋ በእጅ የምትዞር ናት፤ ከቤት ስትወጣም በመዳፎቿ ሸበጥ አጥልቃ መሬቱን እየገፋች ነው የምትሄደው። ሸበጥ ስትገዛ የማያውቃት ነጋዴ «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ካላት መዳፏን ትዘረጋለታለች፤ ሲደነግጥ ማየት ደስ ይላታል። ደንበኞቿ ምላሷ መቀሷን ያስንቃል ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ግን ጥሏት የሚሄድ ደንበኛ የለም፤ ሌላ ሰፊ ዘንድ የሄደ ዕለት ስለ እሱ ምን እንደምታወራ አያውቅማ።

እንዲህ ስትስቅና ስታስቅ የምትውለው ቶይባ አንድ ነገር ያንገበግባት ነበር፤ ለቅሶ አትደርስም። ሰፈሩ የሚቀባበርበት ቅሬ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ የሰፈረበት፣ የራሱ ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚና የበሽተኛ መሸከሚያ ቃሬዛ ያለው ጠንካራ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት አባል ሁሉ ይደርሳል፤ የቀረ ይቀጣል። ቶይባ ከሰባት ዓመት በፊት እናቷ ካረፉ ጀምሮ በእሳቸው ቦታ አባል ናት፤ ነገር ግን ስሟ ሲጠራ የቅሬው ዳኛ ጋሼ ወርቁ «እሷ ምሕረት አላት» ይላሉ፤ ይታለፋል። ሰውየው ደግ የሠሩ ይመስላቸዋል። ቶይባ ግን ይህን ምሕረት በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ምን አጥፍታ ነው የሚምሯት?

ይልቁንም የውባለም ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳት። ውባለም አስፋልቱ ዳር ማንጎና ፓፓያ የምትሸጥ የልብ ጓደኛዋ ናት። የቶይባ እናት የሞቱ ጊዜ ሥራዋን ዘግታ፣ ሦስት ሌሊት ከጎኗ መሬት ላይ ተኝታ፣ በግድ እያጎረሰች አጽናንታታለች። የውባለም አባት አያ ማሩ ደግሞ ሰማንያ ካለፋቸው ቆይተዋል፤ አልጋ ከያዙም ዓመታት ተቆጥረዋል። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ባጃጅ አፋፉ ላይ አራግፎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋያማ ቀጭን መንገድ ነው። ቶይባ ያንን ቤት አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ሞታቸውን አልተመኘችም። ግን ያ ቀን የመጣ እንደሆነ ከውባለም ጎን ቁጭ ማለት አለብኝ ብላ ቆርጣለች። ዊልቸር የፈለገችው ለዚሁ ነው።

እንደ ባለሙያ አስባበታለች። የልብስ መለኪያ ሜትሯን ለውባለም ሰጥታ ያንን ቀጭን መንገድ እንድትለካው ላከቻት። ውባለም «ለመንገዱ ሱሪ ልትሰፊለት ነው?» እያለች ሄዳ ለካች። ከሁሉ የጠበበው ቦታ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ይበቃል አለች ቶይባ።

ወልድያ ላይ አንድ ቢሮ ከበጎ አድራጊዎች ጋር ሆኖ ዊልቸር ያድላል መባሉን ሰምታ አመለከተች። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኃላፊው ሲቀየር፣ ፋይሏ ሲጠፋና ሲገኝ ሦስት ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ መራመድ እንደማትችል የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት አምጪ ተባለች። አመጣች። ከዚያ በአካል ቅረቢ ተባለች። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ዘበኞች ተሸክመው አወጧት። ሠራተኛው ከቅጹ ላይ ቀና ሳይል «በምን መጣሽ?» አላት።

«በሁለት ዘበኛ።»

ጻፈው።

ቀጥሎ ከምትኖርበት አካባቢ የማኅበር ድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል አሏት። ማኅበር ሲባል ሌላ ምን አላት? ቅሬዋን ጠየቀች። ጋሼ ወርቁ በደስታ አስጽፈው፣ ማኅተም አሳርፈው ሰጧት። ያቺ ማኅተም ምን ጣጣ እንደምታመጣ ያኔ ማንም አላሰበም። በመጨረሻም ልክሽን ላኪ ሲሏት ዳሌዋን፣ ጭኗንና ጀርባዋን በሚገባ ለክታ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፋ ላከች። ደንበኞቿ ሁሉ ልካቸውን እንዲህ አጥርተው ቢነግሯት ሥራዋ ምንኛ በቀለለ።

ባለፈው ጥቅምት ዊልቸሩ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ ሲሪንቃን አልፎ፣ መርሳ ደረሰ። ርክክቡ የተፈረመው በቅሬው ስም ነበር። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ፣ ልጆች ፕላስቲኩን ተሻሙበት። ቶይባን አንስተው አስቀመጧት። ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተረፈ። እግር ማሳረፊያው ደግሞ ከእግሯ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ልክ ማን እንዳነበበው አላህ ይወቅ።

«ይሄ ዊልቸር አይደለም፤ ሶፋ ነው» አለች።

ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈው የአጠቃቀም መጽሐፍ ላይ አንድ ፈገግታው የማያልቅ ሰውዬ በዚያው ዓይነት ወንበር ላይ ሆኖ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ወለል ላይ ይንሸራሸራል። ቶይባ ሥዕሉን አየች፤ ደጃፏን አየች፤ የፊት ጎማዎቹን አየች። የፊት ጎማ የተባሉት የቡና ሲኒ የሚያካክሉ ሁለት ትናንሽ ነገሮች ናቸው፤ በኮብልስቶኑ ድንጋይና ድንጋይ መካከል ልክ ልካቸውን ይገባሉ፤ ከገቡ አይወጡም። ያ ፈገግተኛ ሰውዬ አንድ ቀን መርሳን ቢያይ ፈገግታውን የት እንደሚያደርስ ማየት እፈልጋለሁ ብላለች።

ትልቁ ጉድ የመጣው ግን ወደ ቤት ሲያስገቡት ነው። በሩ አልበቃ አለ። ለማጠፍ ሞከሩ፤ ይታጠፋል የተባለው ወንበር አልታጠፍም አለ። ቶይባ የወንዙን ማዶ መንገድ አስለክታ የራሷን በር ሳትለካ ቀርታለች። ሃያ አምስት ዓመት ስትሰፋ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርታ አታውቅም፤ ውባለም ይኸው እስከ ዛሬ ታነሳባታለች። ደጅ ቢያድር ይሰረቃል ተባለ። ጋሼ ወርቁ መፍትሔው እንደማይቸግር ተናግረው ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት አስወሰዱት። ከድስቶቹና ከቃሬዛው ጎን አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ቶይባ በሸበጧ እየገፋች ዕቃ ቤቱ ደረሰች። ዕቃ ጠባቂው ዓሪፍ ቁልፉን ባንገቱ አንጠልጥሎ የሚውል፣ አንድ ጭልፋ ቢጎድልበት ምግብ የማይበላ ጠንቃቃ ሰው ነው። ዊልቸሩን በር ላይ አውጥቶ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ሲጽፍ ደረሰችበት። «የቅሬ ንብረት ቁ. 14» ይላል። ዐሥራ ሦስት ትልቁ ብረት ድስት ነው። ቶይባ መጀመሪያ የምር ሳቀች። ቀጥላ አውጣልኝ አለችው። ዓሪፍ ብሩሹን አስቀምጦ፣ እጁን ጠርጎ፣ መዝገብ ገለጠ። የቅሬ ንብረት የሚወጣው ለሦስት ነገር ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳት።

«ሰው ሞቶብሻል?»

«አልሞተብኝም።»

«ታመሻል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ልታገቢ ነው?»

«ባል ካለህ አምጣ።»

ዓሪፍ መዝገቡን ዘጋ።

ጋሼ ወርቁ ዘንድ ሄደች። ጋሼ ወርቁ ሌባ አይደሉም፤ ይህ ይታወቅላቸው። ሰባ ዓመት የኖሩት መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ነገር ሁሉ ይጠፋል ብለው አምነው ነው። ዊልቸሩ በቅሬው ማኅተም ተጠይቆ፣ በቅሬው ስም ተፈርሞ መጥቷል፤ ስለዚህ የቅሬው ነው። ባለፈው ዓመት ድስቱም እንዲሁ ነው የመጣው። አንቺን ማን ይከለክልሻል፣ ስትፈልጊ አመልክተሽ ትወስጃለሽ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመልሻለሽ አሏት። ቶይባ ሰው እግሩን በማመልከቻ ያስወጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ ወርቁ ቅሬ ለአንድ ሰው እንደማያዳላ ነገሯት።

እውነትም አላዳላም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ዊልቸሩ ላይ ያልተቀመጠ ሰው የለም። እግሩ ላይ ብጉንጅ የወጣበት ነጋዴ ጤና ጣቢያ ሄደበት። አንዲት የሙሽራ አያት ሐራ ድረስ በመኪና ተጭኖላቸው ሠርግ ዋሉበት፤ ሲመለስ መደገፊያው ላይ የወጥ ነጠብጣብ ነበረበት። አንድ ቀን ደግሞ ቶይባ በረንዳዋ ላይ ሆና አንድ ኩንታል ጤፍ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ ደረቱ ላይ በገመድ ታስሮ፣ ወደ ወፍጮ ቤት ሲወርድ አየች። እሷን ግን አምስት ጊዜ ማመልከቻ አስጽፈው የፈቀዱላት ሁለት ጊዜ ነው። ጤፉ ማመልከቻ ጽፎ እንደሆነ ዓሪፍን ጠየቀችው። ጤፉ ለሠርግ ስለሆነ ነው አላት።

በተፈቀደላት ሁለት ቀን ያየችውም ሌላ ፈተና ነበር። መጀመሪያ እንደ ሰፊ ቀሚስ አጠበበችው፤ በግራና በቀኝ ጥጥ የሞላ ትራስ ሰፍታ አስገባችበት። ዓሪፍ በቅሬ ንብረት ላይ ያለ ፈቃድ ለውጥ ተደርጓል ብሎ መዘገበ። ከዚያ ዚፕና ክር ልትገዛ ወደ አስፋልቱ ወረደች። ችግሩ የመርሳ ሰው ደግ መሆኑ ነው። ዊልቸር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። አንዱ ከኋላዋ መጥቶ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳይጠይቅ፣ አጅር ላግኝ ብሎ ያዘና እየሮጠ መስጊድ በር አደረሳት። አንዲት እናት ደግሞ ከዚያ ላይ አንስተው፣ ለጽድቃቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ወረዱ። ዚፑ የሚሸጥበትን ሱቅ ሁለት ጊዜ አለፈችው፤ ባለሱቁን ሁለት ጊዜ ሰላም ብላዋለች። መጨረሻ ላይ ትንፋሿን ልትሰበስብ መንገድ ዳር ብትቆም አንድ መንገደኛ ጭኗ ላይ ገንዘብ ጣል አደረገላት። ጠራችውና መለሰችለት፤ ቀጥላም ኪሱ መቀደዱን፣ ገንዘቡ ከዚያ ወድቆ እንጂ እሱ ሰጥቶ እንዳልሆነ ነግራ፣ እዚያው በመርፌ ሰፋችለት።

ማታ ለውባለም ሁሉን ስትነግራት ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ውባለም እንደ ሄደች ግን ቶይባ ሳቋ ጠፋ። የአያ ማሩ ነገር አልጣማትም። ውባለም ሰሞኑን አባቷ እህል እንደማይቀምሱ ነግራታለች። ያ ቀን ሲመጣ ዊልቸሩ የማን ብጉንጅ ተሸክሞ እንደሚውል ማን ያውቃል?

ጥር መግቢያ ላይ አንድ ማለዳ የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። አያ ማሩ አርፈዋል።

ቶይባ ጥቁር ሻሿን አስራ ስታበቃ ሰው ልካ ዓሪፍን አስጠራችው። ዓሪፍ ፊቱ በሐዘን ጠቁሮ መጣ። ዊልቸሩ የለም። በሕጉ መሠረት ለለቅሶ ቅድሚያ ስለሚሰጥ ከድንኳኑ፣ ከድስቶቹና ከአግዳሚዎቹ ጋር ሐዘን ቤት ሄዷል። ልታለቅስ ነው ብሎ ዓሪፍ ፈራ። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«ቃሬዛው አለ?»

«አለ። ምነው?»

«አሞኛል።»

ቃሬዛው የራሱ ሕግ አለው፤ ከሁሉም የቆየ ሕግ ነው። በድሮ ጊዜ በሽተኛ በተነሳ ቁጥር ጠበል ይሂድ፣ የለም ሼሁ ዘንድ ዱዓ ይደረግለት፣ የለም ሐኪም ዘንድ እየተባለ ሰው በጭቅጭቅ ስለሚሞት የቅሬው ሽማግሌዎች ተቀምጠው አንድ ነገር ወስነዋል። በሽተኛ ከጠራ አራት አባላት የያዙትን ጥለው ይመጣሉ፤ ተሸካሚ ወዴት ብሎ አይከራከርም፤ ታማሚው ውሰዱኝ ያለው ቦታ ያደርሳል። ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይጣላ ስንት ዘመን የኖረበት ሕግ ነው። ዓሪፍም ሕግ ከተጠቀሰበት ሌላ ነገር ማሰብ አይችልም። ሮጠ።

አራት ሰዎች እያለከለኩ መጡ። አንደኛው ካሳሁን የሚባል ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ነው። ምኗን እንዳመማት ጠየቋት፤ ሁለመናዬን አለች። አንስተው ቃሬዛው ላይ አስተኟት፣ ጋቢ አለበሷት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሊዞሩ ሲሉ ከጋቢው ሥር ድምፅዋ ወጣ። «ወደ አያ ማሩ ቤት።» ተሸካሚዎቹ ተያዩ። ግን ምን ይበሉ? ሕጉን አያቶቻቸው ናቸው ያወጡት። ወረዱ፣ ወንዙን ተሻገሩ፣ በዚያ ውባለም በለካችው ቀጭን መንገድ ወጡ። ቶይባ መንገዱን ሙሉ ቃሬዛው በካሳሁን በኩል ዝቅ ማለቱን እየነገረች፣ እርምጃቸውን እንዲያስተካክሉ እየመከረች ሄደች። ካሳሁን በሽተኛ እንዲህ ሲናገር ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ትኩሳቱ ነው አለችው።

ሐዘን ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጋሼ ወርቁ ከአግዳሚው ይልቅ ለወገባቸው ስለተስማማቸው ቁጥር ዐሥራ አራት ላይ ተቀምጠው ሥራ ያከፋፍላሉ። በዚህ መካከል ጋቢ የለበሰ ሰው የተኛበት ቃሬዛ በአራት ሰው ትከሻ ብቅ ሲል አንዷ ሴት ሌላ ሰው ሞተ ብላ ጮኸች። ሌሎቹ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሏት። ጋሼ ወርቁ ደንግጠው ብድግ አሉ። ፍሬኑን አልያዙትም ነበር። ዊልቸሩ ከኋላቸው ቁልቁል ሄደ፤ ሦስት ሰው ቢያባርረውም አልደረሰበትም፤ ጓሮው ካለው ቦይ ውስጥ ጎማውን ወደ ሰማይ አድርጎ ወደቀ።

ቶይባ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ተነስታ ተቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች። ጩኸቱ ባንዴ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፋው። ውባለም ከቤት ወጣች። ዓይኗ በልቅሶ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ቃሬዛውን አየች፤ ቶይባን አየች፤ መጥታ ከጎኗ ተንበረከከች።

«በምን መጣሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«በሕግ።»

ውባለም ሳቀች። አባቷ በሞቱበት ቀን፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ደግሞ ልቅሶው አሸነፋት፤ የቶይባ ደረት ላይ ወደቀች። ቶይባም አለቀሰች። ለአያ ማሩ አለቀሰች፣ ለእናቷ አለቀሰች፣ ሳትደርስ ለቀረችባቸው ለቅሶዎች ሁሉ በአንዴ አለቀሰች። ሦስት ሌሊት ከውባለም ጎን መሬት ላይ ተኛች፤ በግድ አጎረሰቻት።

በሠልስቱ ማግስት በቃሬዛው ወደ ቤቷ ተመለሰች። ተሸካሚዎቹ በሰላም ተገላገልን አሉ። ሲነጋ ሕመሟ አገረሸ። ሰው እየመጣ ጓደኛዋን በሚያጽናናበት ጊዜ እሷ እንዴት ትቀራለች? ሕመሙ የሚነሳባት ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ የሚሻላት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዊልቸሩ ከቦይ ወጥቶ ጎሚስታ ቢያቃናውም ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ከሐዘን ቤት አይወጣም፤ ሕግ ነው። ድንኳኑ ሰባት ቀን ቆየ። ካሳሁን በእነዚያ ቀናት ዳቦው ሁለት ጊዜ አረረበት።

ድንኳኑ የተነሳ ዕለት ቅሬው እዚያው ተሰበሰበ። ካሳሁን ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ፣ ኮሌታውን ዝቅ አድርጎ፣ የተላጠ ጫንቃውን ለጉባኤው አሳየ። ወይ ዊልቸሩን ይስጧት፣ ወይ ለእኔ ምሕረት ያድርጉልኝ አለ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሼ ወርቁ አልሳቁም። ወደ ቶይባ ዞሩ።

«ለመሆኑ ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

ቶይባ የተዘጋጀችበት መልስ ነበራት፤ የሚያስቅ መልስ ነበር። ግን አፏ ላይ ሌላ መጣባት።

«ጋሼ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ጥሩምባ እየሰማሁ ቤቴ ቁጭ ማለቴ ነው የሚያመኝ። አንቱ ምሕረት ይሉታል። እኔ እንዳልተቆጠርኩ ነው የማውቀው። እኔ ስሞት ሁላችሁም ትመጣላችሁ፤ እኔ ግን የማንንም ሳልደርስ ልቀር ነው።»

ጋሼ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር። በመጨረሻ መዝገብ አስመጡ። የተመዘገበ ነገር አይሰረዝም፤ ይህ የማይሆን ነው አሉ። ነገር ግን ንብረቱ የሚቀመጥበት ቦታ የሚለውን ዓምድ ማስተካከል ይቻላል። «ዕቃ ቤት» የሚለውን አሰርዘው «በቶይባ እጅ፣ ቀንም ሌሊትም» ብለው አስጻፉ። ቶይባ እጄ ዘንድ ለመድረስ በሬን ማለፍ አለበት አለች። በማግስቱ አራቱ ተሸካሚዎች ዲጅኖ ይዘው መጥተው በሩን ከነመቃኑ አፍርሰው አሰፉላት። ካሳሁን እንደዚያ ቀን በደስታ ሲሠራ ታይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት ግን አይደለም። የፊት ጎማዎቹ እንደዚያው ሲኒ ናቸው። አንዱ የእጅ መደገፊያ ይወዛወዛል፤ ዝናብ ሲመጣ ፍሬኑ ይንሸራተታል፤ ደጉ የመርሳ ሰውም ደግነቱን አልተወም። መጋቢት ላይ የሰፈሩ አንድ አዛውንት ሲያርፉ ቶይባ ጥሩምባውን እንደ ሰማች ወጣች። ዳገቱ መሐል አንደኛው ጎማ ድንጋይ ውስጥ ገባባት፤ ከዚያ ያወጣት ሰው ደግሞ ሳይጠይቅ መስጊድ በር አደረሳት። ሐዘን ቤት ስትደርስ ሥራው ተከፋፍሎ አልቋል። ጋሼ ወርቁ ሰዓታቸውን አዩ።

«ዘግይተሻል።»

ቶይባ ጎማው እንደያዛት አስረዳች።

«ጎማውም መዝገብ ላይ አለ» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ሁለታችሁም ዘግይታችኋል። ያረፈደ ሁለት ጀሪካን ውሃ ከቦኖ ይቀዳል።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። አንዱ «ኧረ ጋሼ፣ እሷ እኮ» ብሎ ጀመረ።

«እሷ እኮ ምን?» አሉ ጋሼ ወርቁ።

ቶይባ አንዱን ጀሪካን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ቦኖው ወረደች። ስትሄድም ስትመለስም አልተበገረችም፤ ይህን ዳገት የሠራውን፣ ጀሪካን ያለ ክዳን የሚያስቀምጠውን፣ ሰባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ከማየት በቀር ሥራ የሌላቸውን ሰውዬ ስታማ፣ ሲበዛባትም ቆማ ስታርፍ፣ ውሃው በየድንጋዩ እየዘለለ ቀሚሷን አራሰው። የድንኳኑ ደጃፍ ስትደርስ አንዲት ወጣት ሴት አዝናላት እየሮጠች መጣችና ጀሪካኑን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

ቶይባ ጀሪካኑን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። «ተዪው፤ የታዘዝኩት እኔ ነኝ» አለቻት። የቀረውን ውሃ ራሷ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችና ሁለተኛውን ልትቀዳ ጎማውን አዞረች።